ተጨማሪ አንብብ

«ልጃቸው የገዛችላቸው ስልክ ነው የበላቸው።»

ባትሪ ይህን መጀመሪያ የተናገረው አስከሬኑ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ፣ ደረጃው ላይ ለተኮለኮሉት ጎረቤቶች ነበር። ቀጥሎ ለአምቡላንሱ ሹፌር ነገረው፤ ሹፌሩ አልጠየቀውም። ከዚያ ዘወትር በሚጽፍበት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ላይ፣ አንባቢዎች የመሰላቸውን በሚጽፉበት ሥፍራ ለጠፈው። እዚያ የተለጠፈ ወሬ ደግሞ እግር አያስፈልገውም። ሰዓት ሳይሞላ የሟቹን ልጅ በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሁሉ ፈረደባት። አንዱ «ለወለዳት አባት ርካሽ ስልክ!» አለ። ሌላው «ቆጥባ ቀበረችው» ብሎ ጻፈ፤ ላይኩ ጎረፈለት።

ባትሪ ክፉ ሰው አይደለም። ስልክ ጠጋኝ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ዜናው ስለ ዓሣ ነባሪም ይሁን ስለ ማርስ፣ ዞሮ ዞሮ ከሥሩ ስለ ባትሪ አደጋ ስለሚጽፍ ነው። ዓመታት ሙሉ «ይፈነዳል» ሲል ኖሮ አንድም ያልፈነዳለት ሰው፣ በመጨረሻ ሲሳካለት ዝም ይበል ማለት ግፍ ነው።

ሟቹን ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ጋሽ ጨርስ እያለ ነበር። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። ገጹ ላይ የሚመጣውን ኮሜንት እያጣሩ የሚያሳልፉት እሳቸው ነበሩ፤ ያለ ደመወዝ፣ ለፍቅሩ ብለው። አንባቢ ርዕሱን ብቻ ገረፍ አድርጎ ለስድብ ሲሮጥ «መጀመሪያ ጨርስ!» ይሉታል። ራሳቸው ቃል ከመተንፈሳቸው በፊት ዜናውን ከአናቱ እስከ ግርጌው ያነባሉ፤ የሚጽፉትንም ሁልጊዜ «ጨርሳችሁ አንብቡ» ብለው ይዘጋሉ።

መርማሪዋ የደረሰችው በዚያው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አስከሬኑ እንዳለ ነው። አጭር፣ ቀጠን ያለች፣ ቸኩላ የማትናገር ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ስሙ ደስ ይላታል።

ጋሽ ጨርስ ወንበራቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ናቸው። ሸሚዛቸው ደረቱ ላይ ተቃጥሏል። ደረታቸው ላይ ባረፈው መዳፋቸው ውስጥ የከሰለ ስልክ አለ። ክፍሉ የነደደ ፕላስቲክ ይሸታል።

«ነገሩ ቀላል ነው ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። ሳጅኑ ቀላል ነገር ይወዳል። «ስልክ እያዩ ስልክ ፈነዳ። በቃ።»

«በምን ዓይናቸው እያዩ?»

«እንዴት ማለት?»

በአገጯ አመለከተችው። መነጽራቸው ታጥፎ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩን ነካ ስታደርገው ስክሪኑ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ፊደል ተደረደረ።

«ይህን ያህል ካላጎሉት የማይነበብላቸው ሰው፣ መነጽር አውልቀው መዳፍ በምታህል ስልክ ላይ ምን ያያሉ?»

ሳጅኑ የሚጽፍ መሰለ።

ሐኪሙ ከአስከሬኑ ላይ ቀና አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጉሮሯቸው ንጹሕ ነው። ጢስ የሚባል አልገባበትም። እሳቱ ሲነሳ እስትንፋስ አልነበራቸውም።»

«መቼ ሞቱ?»

«ዛሬ። ጠዋትም ይሆናል፣ ቀትርም። አሁን ከዚህ በላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

መርማሪዋ ወንበሩ ሥር የወደቀውን ትራስ አነሳች። በአንደኛው ፊት መሃሉ ላይ ጨርቁ ተነክሷል፤ የጥርሱ ምልክት ይታያል። ለሐኪሙ አቀበለችው። ሐኪሙ ምልክቱን አየና ወደ አስከሬኑ አፍ ዞረ። ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ።

ልጅቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ታነብ ነበር። ዓይኗ ያበጠው በልቅሶ ብቻ አልነበረም።

«አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለች መርማሪዋን ቀና ብላ ሳታይ። «አዲስ ስልክ የገዛሁለት ስደውል እንዲያነሳልኝ ብዬ ነው። ሌላ አይሠራበትም። ዓይኑን ከታከመ ወዲህ በስልክ አንብቦ አያውቅም።»

«ስልክሽን ለሳጅኑ ስጪው።»

«ለምርመራ ነው?»

«አይደለም። እንዳታነቢ ነው።»

ልጅቱ ሰጠች። እጇ ባዶ ሲሆን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

«ስትመጪ በሩ እንዴት ነበር?»

«አልተቆለፈም። እሱ ነው የገረመኝ። አባዬ ቆልፎ፣ ተመልሶ ደግሞ እጀታውን ስቦ የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ቁልፌን አውጥቼ ሳለ በሩ ተከፈተ።» ደረጃው ሥር የተሰበሰቡትን አየች። «ጎረቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ሲገባ ያዩት እኔን ብቻ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው።»

ሳጅኑ ከጀርባ ወደ መርማሪዋ ጆሮ ጠጋ አለ። «ቀትር ላይ ደህና ነበሩ። ገጹ ላይ ኮሜንት ጽፈዋል፤ ሕዝብ ያየው ነው። ከዚያ ወዲህ የገባችው ይህች ብቻ ናት። እኔ ምንም አላልኩም።»

«ብዙ አልክ» አለችው።

እሑድ ጠዋት የባትሪ ሱቅ ክፍት ነበር። ሰውየው ጠባብ መደርደሪያው ጀርባ፣ የተፈታቱ ስልኮች መሃል ተቀምጦ፣ መርማሪዋን ሲያይ ጀመረ።

«እኔ ስናገር ማን ሰማኝ? ስንት ጊዜ ጻፍኩ! ባትሪ የተበሳ እንደሆነ፣ ያበጠ እንደሆነ፣ ይነዳል ብዬ...»

የከሰለውን ስልክ በላስቲክ ከረጢት እንዳለ ፊቱ አኖረችው። «እስቲ እየው። ንገረኝ።»

ባትሪ መብራቱን አቀረበ። አገላበጠው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ከዚያ ተከደነ። በሰፈሩ ታሪክ ስለ ባትሪ ተጠይቆ ዝም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ራሱን የፈነዳ ወደ ውጭ ነው የሚያብጠው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ቀንሶ። «ይሄ ወደ ውስጥ ነው የገባው። በሹል ነገር ተወግቷል። ከውጭ።»

«ተወግቶ እንደሚነድ ማን ያውቃል?»

«ገጻችንን የሚያነብ ሁሉ።» ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ያቺን ልጅም... ወይኔ! ምን ብዬ ነው የጻፍኩባት?»

«ትናንት ቀትር የት ነበርክ?»

«ምሳ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን፤ እኔ፣ ገጹ ላይ የምትጽፈው ፋርማሲስት፣ አለቃ፣ ጋሽ ጨርስ። አለቃ ያልኩሽ የገጹን አዘጋጅ ነው። ጋሽ ጨርስ ብቻ ቀሩ። የፋርማሲስቷ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቆ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ፈታትቼ ስታገል፣ አለቃ ስልኩን እያየ ‹ኧረ ጋሽ ጨርስ ጻፉ!› አለና ጮክ ብሎ አነበበልን። ሳቅን። ምሳቸውን ትተው ይከራከራሉ ብለን። ጎረቤት እስኪደውልልኝ ከጠረጴዛው የተነሳ ሰው የለም።»

«ከምሳ በፊትስ?»

«ሁላችንም ከየቤታችን ነው የመጣነው። ለምን? ያኔማ በሕይወት ነበሩ።»

መርማሪዋ ልትወጣ ስትል «አንድ ነገር ላሳይሽ» አላት፣ እንደ ልጅ አፍሮ። የራሱን ስልክ ዘረጋ። ጽሑፉ ትናንት ማታ የወጣ የኀዘን ቃል ነው። ጸሐፊዋ ‹ጠፈርተኛዋ› ትባላለች። ከአልጋ መነሳት የማትችል ወጣት ናት፤ በመስኮቷ የምታየውን ሰማይ ገጹ ላይ እየጻፈች በሺህ የሚቆጠር ተከታይ አፍርታለች። ‹ወልደው አላሳደጉኝም› ይላል ጽሑፉ፤ ‹ግን ኮከብ ሁሉ የሞተ ብርሃን አይደለም ብለው ያጽናኑኝ አባቴ እሳቸው ነበሩ።›

«ማታ ማታ እንጻጻፋለን» አለ ባትሪ። «ሁለት ዓመት ሆነን። የጻፈቻቸው ተሰብስበው በመጽሐፍ ሊወጡ ነው፤ አለቃ ነው የሚያሳትመው። የምረቃው ቀን ቤቷ ድረስ ሄጄ ልጠይቃት ነበር። ያው... ልጠይቃት።»

ምን እንደሚጠይቃት መርማሪዋ አልጠየቀችውም።

ፋርማሲስቷን መደብሯ ውስጥ አገኘቻት፤ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ፀጉሯን በእስክርቢቶ ጠቅልላ፣ ሰው ሁሉ ስለ መድኃኒት የሚያወራው ውሸት ነው ከሚል ፊት ጋር።

«ያን ኮሜንት ሰምተዋል» አለች መርማሪዋ።

«ሰማሁ። እውነቱን ልንገርዎት? ዕድሜ ተጫናቸው እንዴ ብዬ ነው ያሰብኩት።»

«ለምን?»

«ዜናውን ሥራ ላይ ሆኜ በዚህ ኮምፒውተር አንብቤዋለሁ። የእኔ መስክ ነው። እኔም ልጽፍበት ነበር፤ ግን ጋሽ ጨርስ ይበሉት ብዬ ተውኩላቸው፤ እንዲህ ዓይነቱን እየበለቱ ማሳየት ይወዳሉ። ምሳ ላይ ሲነበብ ግን ምንም አልበለቱትም። እንደ ማንም ሰው...» ቃሉን አልጨረሰችውም። «ስልኬ በዚያ ባትሪ እጅ ተበታትኖ ስለነበር እኔም ከፍቼ አላየሁትም።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ገጹ ላይ የጻፈ ሁሉ ጠላት አለው» አለች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በአካል ግን ማንም። ቆይ፣ ለጠፈርተኛዋ ማን ነገራት? ስለ ሕመሟ እኔን ነበር የምታማክረኝ። መድኃኒት ልላክልሽ ስላት አድራሻዋን አትሰጠኝም፤ ትኮራለች።»

አዘጋጁ ከሁሉም በላይ ያለቀሰ ነበር። ቢሮው አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ ዜናና ኮሜንት ያለማቋረጥ ይወርድበታል። መልከ መልካም፣ አንደበቱ የረታ ሰው ነው።

«ዓይናቸውን የታከሙ ጊዜ በየቀኑ እየሄድኩ ዜና ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ» አለ። «‹ልጄ› ነበር የሚሉኝ። አባት ነው ያጣሁት፣ ኢንስፔክተር።»

«ዜናውን የሚጽፈው ማን ነው?»

«ከየአገሩ የሚወጣውን የሚተረጉሙልኝ ልጆች አሉ። ርዕሱ የእኔ ነው። ገጽ የሚኖረው በርዕስ ነው።»

«ኮሜንታቸውን መጀመሪያ ያዩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የመጨረሻ ቃላቸው መሆኑን ባውቅ...» መሀረቡን አወጣ።

ከቀትር በኋላ መርማሪዋ ተመልሳ በጋሽ ጨርስ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በዚያው የአውራ ጣት በሚያህለው ፊደል ኮሜንቱ የተጻፈበትን ዜና ከፈተች። ርዕሱ ‹እንቅልፍን የሚያስቀር ክኒን ተገኘ› ይላል። ሳጅኑ ርዕሱን አነበበና «ለእኛ ሥራ ይሆናል» አለ። እሷ ግን ወረደች። ማስታወቂያ መጣ፤ አለፈችው። ሥዕል መጣ፤ አለፈችው። ‹ተጨማሪ አንብብ› የሚል ቁልፍ መጣ፤ ተጫነችው። የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋች።

«ሳጅን፣ ነገ ጠዋት ሁሉንም አዘጋጁ ቢሮ ሰብስባቸው። ልጅቱንም።»

«ሽማግሌው ምን ብለው ጻፉ?»

«ምንም አልጻፉም» አለች።

ሰኞ ጠዋት አራቱም በቢሮው ተቀመጡ። ልጅቱ በሩ አጠገብ፣ ባትሪ ከእሷ ራቅ ብሎ አንገቱን ደፍቶ፣ ፋርማሲስቷ ክንዷን አጣምራ፣ አዘጋጁ በራሱ ወንበር ላይ። መርማሪዋ ስክሪኑ ላይ ኮሜንቱን አስወጣች።

«እስቲ እንደዚያ ቀን ያንብቡልን» አለችው አዘጋጁን።

አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹የዕድሜያችንን ሲሶ ለእንቅልፍ እንገብራለን። ይህ ክኒን ለሰው ልጅ ያን ሲሶ መለሰለት ማለት ነው። ግን ድካም የማያውቅ ሰው ዕረፍትን በምን ያውቃታል? ጨርሳችሁ አንብቡ።›» መሀረቡን ፈለገ። «እሳቸውን ነው የሚመስለው።»

«ቁርጥ እሳቸውን። አረፍተ ነገሩ፣ ጥያቄው፣ መዝጊያው። በነገራችን ላይ፣ ክኒኑ የተሞከረው በማን ላይ ነው?»

«በ... በበጎ ፈቃደኞች ላይ ነዋ።»

ፋርማሲስቷ ያጣመረችውን ክንዷን ቀስ ብላ ፈታች።

«በዝንብ ላይ ነው፣ አለቃ» አለች። «የፍራፍሬ ዝንብ። እሱም ሙከራው ስህተት ሆኖ አጥኚዎቹ ራሳቸው ሰርዘውታል። መጨረሻው ላይ ተጽፏል።»

«ገጹ እኮ ያንተ ነው» አለ ባትሪ፣ ገና ሳይገባው።

«ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሳጅኑ እንኳ ‹ዜናውን ያወጣው ሰው ዝንብ መሆኑን እንዴት ይስታል› ብሎ መጀመሪያ ነፃ ያወጣው አዘጋጁን ነበር። ግን ርዕስ የሚጽፍ ሰው ጽሑፍ ያነባል ያለው ማን ነው? ከመጀመሪያው እንያዘው። ጋሽ ጨርስ በስልክ አልሞቱም። መነጽራቸው ታጥፏል፣ ጉሮሯቸው ጢስ አልገባበትም፣ ትራሱ ላይ ጥርሳቸው አርፏል። ስልኩ ከሞቱ በኋላ ተወግቶ ደረታቸው ላይ የተቀመጠ ነው።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «ሰምተሻል አይደል? የገዛሽላቸው ስልክ ማንንም አልገደለም።»

ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ባትሪ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቀጥሎ ጊዜው። ሁላችሁም ቀትር ላይ በሕይወት ነበሩ ያላችሁት በዚህ ኮሜንት ነው። እሳቸው ግን ሳይጨርሱ ጽፈው አያውቁም፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ይህን የጻፈው ሰው አጻጻፋቸውን ከነነጥቡ ያውቃል፤ ዜናውን ግን ከርዕሱ አላለፈም። ስለዚህ ቀትር ላይ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እሳቸው ከምሳ በፊት ሞተዋል። ጠዋት ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ጎረቤት የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም ከሰዓት በኋላን ስንፈትሽ ነበር። የተፈለገውም ይኸው ነው።»

«ማንም ሊጽፈው ይችላል!» አለ አዘጋጁ። «ፓስወርዳቸውን ልጃቸውም ታውቃለች!»

«ልጃቸው ብትሆን፣ አባቷን ቀትር ላይ በሕይወት አለ ብላ ለማን ትጠቅማለች? ብቻዋን የገባችው ከሰዓት በኋላ ነው። ኮሜንቱ የሚያስረው እሷን ነው። የሚፈታው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን። ጠረጴዛው ላይ የፋርማሲስቷ ስልክ ተበታትኗል። ባትሪ ሁለት እጁ በዚያ ስልክ ተይዟል። በእጁ ስልክ የነበረው፣ እያየ ‹ጋሽ ጨርስ ጻፉ› ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ድምጿን አላነሳችም። እስካሁን እርስዎ ስትለው የቆየችውን ሰው ግን አንተ አለችው። «ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ ሳለ እያነበብክላቸው፣ የሚሉህን በእሳቸው ስም ስትጽፍላቸው የነበርከው አንተ ነህ። አጻጻፉን ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው።»

አዘጋጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። «ለምን ብዬ? አባቴ ናቸው እያልኩሽ!»

መርማሪዋ ከኪሷ ወረቀት አወጣች። «ዓርብ ማታ አንድ መልእክት ልከውልሃል። ሰርዘኸዋል። ዛሬ ጠዋት ሳጅኑ በተቀበለህ ስልክ ላይ ብቅ ያለው ማሳወቂያ የመጀመሪያ መስመሮቹ ግን ቀርተዋል። ይህን ያህል ነው።» አነበበችው። «‹ልጄ፣ ይህን ጨርሰህ አንብብ። ጠፈርተኛዋ የምትባል ልጅ የለችም፤ አንተ ነህ። ገና ያልወጣ፣ ከአንተ በቀር ማንም የማይከፍተው ዜና ላይ ኮሜንቷ ማጣሪያዬ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ስንቱን አስለቀስክ? እንዲህ ያለ ክህደት አይቼ አላውቅም። አንባቢው ይህን ማወቅ ይገባዋል›።»

ፋርማሲስቷ ብድግ አለች። «የልብ መድኃኒት እያማከርኳት... ሌሊት ሌሊት መጽሐፍ አገላብጬ...» ተመልሳ ተቀመጠች።

ባትሪ ግን ቀስ ብሎ ነው የገባው። ሲገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ መጀመሪያ ዓይኑ፣ ከዚያ ከንፈሩ።

«ቅዳሜ ማታ ‹አባቴ ነበሩ› ያለችው...» አለ። «እሳቸውን ገድለህ መጥተህ ነው የጻፍከው?»

አዘጋጁ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና እደሪ ያልኩት ለአንተ ነው?»

ከዚያ ሁሉ ክስ አዘጋጁን ያንበረከከው ይህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክርኑን ጣለ።

«መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር» አለ። «ኮሜንቱ ቀዝቅዞ ነበርና ትንሽ ላሙቀው ብዬ። ከዚያ ሰው ወደዳት። ከእኔ ይልቅ እሷን ወደዷት፤ ከእኔ ይልቅ ጥሩ ትጽፋለች። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ሲያዋርዱኝ ታየኝ። ጠዋት ልለምናቸው ሄድኩ፤ እግራቸው ላይ ልወድቅ። በሩን ስነካው ክፍት ነው። ገባሁ። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ትራሱ ጎናቸው ነበር።»

«ተኝቶ?» አለች ልጅቱ።

አዘጋጁ ፊቱን አዞረባት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ» አለች መርማሪዋ። «በሩ።»

«ረስተውት መሰለኝ» አለ አዘጋጁ።

«አባዬ በር አይረሳም» አለች ልጅቱ።

«የቀረውን መልእክት ለምን ሰረዝከው?»

«ማንም እንዳያየው ነዋ። እኔ ያቺን ታህል አየሁ፤ በቃኝ። አልከፈትኩትም።»

ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አስነሳው። ስክሪኑ ላይ ኮሜንቱ እየወረደ ነበር፤ ሕዝቡ አሁንም ስለ ስልኩ ይጨቃጨቃል። ባትሪ እዚያው ቆሞ «ስልኩ አልነበረም፣ ልጅቱ ጥፋት የለባትም፣ ይቅር በሉኝ» ብሎ ለጠፈ። አንድም ሰው አልወደደለትም። ፈርዶ የጨረሰ ሰው ማረሚያ አያነብም።

ከዚያ ወደ ልጅቱ ሄደ። «እህቴ» አለና ፊቷ ቆመ። ልጅቱ አየችው። ይቅር አላለችውም፤ ግን ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገችለት።

የፖሊስ መኪናው ከግቢው ወጥቶ ማዕዘኑን ሲታጠፍ፣ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። የተሰረዘውን መልእክት ሙሉውን መልሶታል። መርማሪዋ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ያነበበችውን ክፍል አልፋ ከተቆረጠበት ቀጠለች። ለልጅቱ ሰጠቻት። ልጅቱ ጮክ ብላ አነበበችው፤

«‹...ግን ከእኔ አፍ አይደለም፤ ከራስህ ይስማው። መጽሐፉን በገዛ ስምህ አውጣው። ይቆጡሃል፤ ያልፋል። ያን ሁሉ ያማረ ነገር የጻፍከው አንተ ነህና ለምን በታመመች ልጅ ጀርባ ትደበቃለህ? ባትሪን ግን ለብቻው ንገረው፤ ልጁ ከልቡ ነው። ስትነግረው አጠገብህ እቀመጣለሁ። እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ አልልምም። ነገ ከምሳ በፊት ብቅ በል፤ አብረን እንሄዳለን። ይህ ዓይኔ ከታከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ይጥለኛልና፣ ውጭ ቆመህ እንዳትቀር በሩን አልቆልፈውም። ዝም ብለህ ግባ።›»